የድሮ ጓደኞቼን የሥራ እድገት መከታተል መተው ለምን አቃተኝ?

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት የሒሳብ ባለሙያና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በሊንክዲንና በፌስቡክ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ የት እንደደረሱ አያለሁ። በተለይ ፈተና ሲደርስ አስጠናው የነበረውን አንዱን ደጋግሜ እከፍተዋለሁ፤ ዛሬ ትልቅ ድርጅት ይመራል። ባለቤቴ ይህን አይቶ «የድሮ ፍቅረኛሽ ነው» አለኝና ተጣላን። ፍቅር አልነበረንም። ምቀኛ ሆኜ ይሆን? ገጼንስ ልዝጋው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ራስዎን ምቀኛ ብለው ለመፈረጅ አይቸኩሉ። ምቀኛ የሌላውን መውደቅ ይመኛል፤ በደብዳቤዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ምኞት አላየሁም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሰው ችሎታውን የሚመዝንበት ተጨባጭ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ጋር ያነጻጽራል፤ የሚመርጠውም የሚመስለውን ሰው ነው። ስለዚህ የማያውቁት ባለጸጋ እንቅልፍ አይነሳዎትም፤ አብሮዎት የተማረው ግን ይነሳዎታል። ቀድሞ የእንዲህ ያለ ሰው ወሬ የሚደርሰን አልፎ አልፎ፣ በሰው አፍ ነበር። ሹመቱ ሲነገር ሕመሙም፣ የፈረሰ ትዳሩም አብሮ ይነሳል። እንደ ሊንክዲን ያለ የሥራ ገጽ የሚያሳየው ግን ማዕረጉንና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው፤ ያውም በየምሽቱ።

ደብዳቤዎን ሳነብ የቆምሁት «አስጠናው የነበረውን» በሚለው ላይ ነው። የናፈቀዎት የእሱ ወንበር አይመስለኝም። ችሎታዎ ለሰው ሁሉ ይታይ የነበረበትን ዘመን ነው የሚፈልጉት ብዬ እገምታለሁ። ግምቴ ልክ ከሆነ መልሱ በእሱ ገጽ ላይ አይገኝም፤ አሁን ባለዎት ሥራ ላይ ምን ቀረብኝ ብለው በግልጽ መጠየቅ ይኖርብዎታል።

ባለቤትዎ በምክንያቱ ተሳስተዋል፤ እርስዎ የደበቁት ነገር እንዳለ መረዳታቸው ግን ስሕተት አይደለም። «ምንም የለም» ማለት አያሳርፋቸውም። ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ሰዓት «በሥራዬ ወደኋላ የቀረሁ ይመስለኛል» ይበሏቸው። ይህን እንደ ወቀሳ ሊሰሙት ስለሚችሉ፣ እሳቸውንም ልጆቹንም ጥፋተኛ እያደረጉ እንዳልሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው። ስልክዎን በየቀኑ ማስፈተሽ ግን አይልመድባችሁ፤ ጥርጣሬን ያሳድጋል እንጂ አያጠፋም።

ገጹን መዝጋት አያስፈልግም። ባለቤትዎ እያወቁ ለዚያ ሰው የደስታ መግለጫ ይጻፉለት፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰም ይጠይቁት። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው መሆኑን አሳይቷል። መጻፍ ካልፈለጉ ደግሞ ማየቱንም ይተዉት፤ የሚጎዳዎት ሳይናገሩ ማየቱ ነው። ከዚህ በኋላም እንቅልፍ ማጣቱና ራስን ዝቅ አድርጎ ማየቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ባለሙያ ዘንድ በአካል ይሂዱ፤ ባለቤትዎም አብረው ቢመጡ እመርጣለሁ።