ስንዝርና ክንድ፦ የማይተበተብ የመንጠቆ ክር አሠራር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሐዋሳ ሲሆን ቅዳሜና እሑድ ከሐይቁ ዳር ሆኜ በዘንግ ዓሣ አጠምዳለሁ። አምባዛ ከሐይቁ ወለል እየለቀመ እንደሚመገብ ስለማውቅ ከክሬ ጫፍ 40 ግራም የሚመዝን እርሳስ አስሬ፣ ከእርሳሱ በላይ ደግሞ ሁለት መንጠቆዎችን በየራሳቸው ቅርንጫፍ ክር አንጠልጥዬ እወረውራለሁ። ቅርንጫፎቹ እያንዳንዳቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ናቸው። በመካከላቸው 30 ሳንቲ ሜትር አለ፤ የታችኛው ከእርሳሱ የሚርቀው 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የሠራኋቸውም ቀጭንና ለስላሳ ከሆነ የተገመደ ክር ነው። ከሦስት ውርወራ ሁለቱን ስስበው መንጠቆዎቹ ከእርሳሱ ጋር ተጠቅልለው ይወጣሉ። ጓደኞቼ «እርሳስ ጨምርበት» ብለውኝ 60 ግራም ባደርገውም ለውጥ አላየሁም። ጥፋቱ ከአወራወሬ ነው ወይስ ከአስተሳሰሬ?

መልስ፦ ልኩን አንድ በአንድ ለክተው ስለጻፉልን መልሱ ከራሱ ከደብዳቤዎ ውስጥ ተገኝቷል፤ ጥፋቱ በአብዛኛው ከአስተሳሰሩ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የታሰሩ ሁለት ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው 40 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ፣ የአንዱ መንጠቆ የሌላውን መንጠቆ ብቻ ሳይሆን የሌላውን መነሻ ቋጠሮ ጭምር አልፎ ይሄዳል። የታችኛውም ቅርንጫፍ ከእርሳሱ ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ ከእርሳሱ ሥር ዞሮ ለመመለስ የሚበቃ ትርፍ ክር አለው። መድረስ የሚችሉ ነገሮች ደግሞ በአየርም ሆነ በውኃ ውስጥ መገናኘታቸው አይቀርም።

በውርወራ ጊዜ የሚሆነውን ቀስ ብለን እንመልከተው። ከሁሉ የሚከብደው እርሳሱ ስለሆነ እሱ ፊት ፊት ይበራል፤ ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ የተሰካባቸው መንጠቆዎች ግን ቀላልና ሰፊ ስለሆኑ አየሩ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ ስለዚህ ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ ታጥፈው በዋናው ክር ጎን ይነጠፋሉ። እርሳሱ ውኃውን መትቶ ድንገት ሲቆም ከኋላው የሚመጣው ሁሉ በላዩ ይከመራል፣ ክሩም ይረግባል። ከዚያ እርሳሱ ወደ ወለሉ ሲሰጥም ቅርንጫፎቹ እየተሽከረከሩ በዋናው ክር ላይ ይጠመጠማሉ። የእርሳሱ ክብደት ሲጨምር ውርወራው ይፈጥናል እንጂ ከዚህ ሁሉ አንዱም አይቀርም፤ ጓደኞችዎ የመከሩዎት ምክር ያልሠራው ለዚህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የናይሎን ክር ሲያብር የሚያስረው ግን ባለቤቱን ነው።

እኔም በዚህ ጉዳይ ብዙ ምሽት አባክኛለሁ። በላንጋኖ ዳር፣ በዚያ ቀይ ቡናማ ውኃ ላይ፣ ከአጎቴ ጋር ለአምባዛ ባመሸንበት ጊዜ በየሩብ ሰዓቱ የእጅ ባትሪ በአፌ ነክሼ ክር ስፈታ አጎቴ አንድም ጊዜ ሳይተበተብበት ያጠምድ ነበር። በመጨረሻ የሱን ክር ተቀብዬ በስንዝር ለካሁት። ቅርንጫፉ ስንዝር ሊሞላ አንድ ጋት፣ ማለትም አራት ጣት ያህል፣ ይቀረው ነበር፤ በሁለቱ ቅርንጫፎች መካከል ግን ሙሉ ክንድ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ሜትር ይዤ ሄጄ አላውቅም።

ክንድ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ስንዝር ደግሞ የክንድ ግማሽ ያህል ስለሆነ የአጎቴ ልክ ውስጡ ሒሳብ አለው። ሁለቱ ቅርንጫፎች ተደምረው በመካከላቸው ካለው ርቀት ካነሱ መንጠቆዎቹ ቢፈልጉም አይነካኩም፤ ጋቷ የምትቀነሰው መንጠቆውና የተሰካበት ምግብ ራሳቸው ርዝመት ስላላቸው ነው። በእርስዎ ልክ ሲተረጎም ቅርንጫፎቹን 15 ሳንቲ ሜትር ያድርጓቸው፤ የታችኛውን ከእርሳሱ 30፣ የላይኛውን ከታችኛው 50 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። ከላይኛው ቅርንጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስሙ ስዊቭል የሚባለውን፣ በሁለት ጫፉ ቀለበት ያለውንና በመሐሉ የሚሽከረከረውን ትንሽ ብረት አስገብተው ከዋናው ክር ጋር ያገናኙት። በጠቅላላው ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ስለሚሆን ለመወርወርም አያስቸግርም።

ለስላሳውን የተገመደ ክር በበከራው፣ ማለትም ክሩ በሚጠቀለልበት የማጠንጠኛው ክፍል፣ ላይ ይተዉት፤ ጥንካሬው እዚያ ይጠቅማል። መንጠቆ የሚንጠለጠልበትን ክፍል ግን 0.50 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ነጠላ ናይሎን ይሥሩት። ለስላሳ ክር እንደ ጥጥ ክር ባገኘው ነገር ላይ ይተኛል፤ ደንዳናው ናይሎን ግን ለመታጠፍ ስለሚለግም ቅርንጫፉ ከዋናው ክር ተነጥሎ ወደ ጎን ይቆማል። ወፍራም ክር ዓሣውን ያስደነግጣል የሚል ስጋት ካለዎት፣ አምባዛ ምግቡን በይበልጥ የሚያገኘው በአፉ ዙሪያ ባሉት ጢሞች እየዳሰሰና እያሸተተ መሆኑን ያስታውሱ። ለቆሮሶ ሲሆን ቀጠን ማድረግ ያስፈልጋል።

ቋጠሮውም ወደ ጎን የሚያወጣ መሆን አለበት። ክሩን አጥፎ ተራ ቋጠሮ መቋጠር ቀላል ቢሆንም የሚወጣው ቅርንጫፍ በዋናው ክር ላይ ይተኛል። በምትኩ፣ ቅርንጫፉ እንዲወጣበት በሚፈልጉት ቦታ ክሩን የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ በሚያህል ክብ ያዙሩት። ክሩ ራሱን የሚያቋርጥበትን ቦታ በሁለት ጣት ይዘው አንዱን ጫፍ በክቡ ውስጥ እያሾለኩ ስድስት ጊዜ ይጠምጥሙት። ከዚያ በጥምጥሞቹ መካከል፣ ሦስት ወዲያ ሦስት ወዲህ እንዲሆኑ፣ በጣትዎ ቀዳዳ ይክፈቱና የክቡን ተቃራኒ ወገን በዚያ ቀዳዳ ያውጡት። የወጣውን በጥርስ ይዘው፣ ቋጠሮውን በምራቅ አርሰው፣ ሁለቱን ጫፎች ግራና ቀኝ በዝግታ ይሳቡ። ምራቁ ለወግ አይደለም፤ ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይግልና ቋጠሮው ላይ ይደክማል፤ ትልቅ ዓሣ የመጣ ዕለት የሚበጠሰውም እዚያው ላይ ነው። የወጣውን እጥፍ ክር በመንጠቆው ዐይን አሳልፈው መንጠቆውን በራሱ በእጥፉ ውስጥ አሾልከው ሲያጠብቁት ቅርንጫፉ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን ከነጠላው ይልቅ ደንድኖ ይቆማል።

አወራወርን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን ብቻ ልጨምር። ከመወርወርዎ በፊት መንጠቆዎቹ መወዛወዝ እስኪያቆሙ ይጠብቁ፤ ከዚያ ዘንጉን ሳይነጥቁ፣ በአንድ ረጅም ዝርጊያ ይልቀቁት። እርሳሱ ውኃውን ሊነካ ሲቃረብ አመልካች ጣትዎን በበከራው ከንፈር ላይ አሳርፈው የሚወጣውን ክር ቀስ በቀስ ያብርዱት፤ ይህ ብቻውን የመተብተቡን ግማሽ ያስቀራል ብል አላጋነንሁም። ጣቱ ክሩን ሲይዘው እርሳሱ ወደ ፊት እየጎተተ ሁሉንም በአንድ መስመር ይዘረጋዋል። ከዚያ በኋላ እርሳሱ ወለሉን እስኪነካ ክሩን ሳያረግቡ ይዘው ይጠብቁ፤ ሲነካም ትርፉን ጠቅልለው ዘንጉን ያስቀምጡ። እየደጋገሙ ወደ ራስዎ መጎተት ግን መንጠቆውን ከሣርና ከእንጨት ጋር ማስተዋወቅ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በፖቶማክ ወንዝ ላይ ሰማያዊ ካትፊሽ የሚባለውን የአምባዛ ዘመድ ለማጥመድ እርሳሱ በዋናው ክር ላይ እንዲንሸራተት አድርጌ፣ ከእርሳሱ በታች አንድ ሜትር የሚሆን የመንጠቆ ክር አስራለሁ። ስስበው ግን መንጠቆው ከእርሳሱ በላይ ከዋናው ክር ጋር ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። የሐዋሳው ዓይነት አስተሳሰር ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ ተንሸራታቹን እርሳስ መተው አይኖርብዎትም፤ ዓሣው ምግቡን ሲያነሣ ክብደቱ ሳይሰማው ክሩን ይዞ ስለሚሄድ ለትልልቅ ዓሦች የተመረጠ ነው። ችግሩ የመንጠቆው ክር ርዝመት ነው። በሚበርበት ጊዜ እርሳሱ ይቀድማል፣ አንድ ሜትሩ ክር ደግሞ ወደ ኋላ ታጥፎ ከዋናው ክር ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ሁለት ክሮች ጎን ለጎን እየተሽከረከሩ ከተጓዙ የሚሆነውን ሹሩባ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

የመንጠቆውን ክር ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያሳጥሩትና ቢያንስ 0.60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ናይሎን ይሥሩት። አደራደሩ ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር መጀመሪያ እርሳሱ፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ ዶቃ፣ ቀጥሎ ስዊቭል፣ በመጨረሻ የመንጠቆው ክር ነው፤ ዶቃዋ እርሳሱ ቋጠሮውን እየመታ እንዳይጎዳው ትከላከላለች። ርቀው መወርወር ግድ ከሆነብዎት ዋናውን ክር ከስዊቭሉ በላይ በቀጭን ደንዳና የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያሳልፉት፤ ቱቦው ከመንጠቆው ክር መርዘም አለበት፤ መንጠቆው ወደ ኋላ ቢታጠፍም የሚያገኘው የማይጠመጠምበትን ቱቦ እንጂ ክሩን አይሆንም። ያው የስንዝርና የክንዱ ሒሳብ ነው። ቱቦውንም ሆነ እርሳሱን በቋጠሮ አግተው አያስሩ፤ ክሩ ከላይ ቢበጠስ ዓሣው እርሳስ እየጎተተ እንዳይኖር መንሸራተትና መውጣት መቻል አለባቸው።

ከዋሽንግተን በታች ያለው ፖቶማክ ከባሕር በሚመጣው የውኃ ሙላትና ጉድለት የሚመላለስ ስለሆነ የእርሳስዎን ቅርጽም ይመልከቱ። ድቡልቡል እርሳስ በሞገድ እየተንከባለለ ክሩን እንደ እንዝርት ይጠመጥማል፤ ጠፍጣፋ ወይም ባለ አራት ማዕዘን ሾጣጣ እርሳስ ግን ባለበት ይቀመጣል። ሲወረውሩም የመንጠቆው ክር ከእርሳሱ ወደ ታችኛው የውኃው አካሄድ እንዲዘረጋ ከቆሙበት ትንሽ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ይወርውሩ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። እኔ የምቸገረው በመንጠቆዎቹ ሳይሆን በራሱ በዋናው ክር ነው። ከማጠንጠኛው ሲወጣ እንደ ስፕሪንግ እየተጠቀለለ፣ በረገበ ቁጥርም በራሱ ላይ እየተጠመዘዘ ይቋጠራል። ክሩ አዲስ ነው።

መልስ፦ ክርዎ ከርሯል። ክር የሚከርረው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መጀመሪያ ሲጠቀለል የተሠራ ስሕተት ነው፤ አዲሱ ክር ከመጣበት ጥቅል የሚወጣበት ዙር በማጠንጠኛዎ በከራ ላይ ከሚጠመጠምበት ዙር ጋር ካልተስማማ ገና ከሱቅ ሳይወጣ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይጠመዘዛል። ጥቅሉን መሬት ላይ አጋድመው ጥቂት ሜትር ይጠቅልሉና ያርግቡት፤ ከተጠመዘዘ ጥቅሉን ገልብጠው ይቀጥሉ። ሁለተኛው ልማድ ነው፤ ዓሣው እየጎተተ የማጠንጠኛው ፍሬን ክር በሚለቅበት ሰዓት እጀታውን ማዞር ዓሣውን አያቀርበውም፤ ክሩን ብቻ ያከርረዋል። ፍሬኑ ሲጮህ እጅዎ ይቁም።

የከረረውን ለመፍታት እርስዎ ያሉበት ቦታ የታደለ ነው። በታንኳ ወደ ጣና ወጣ ይበሉና እርሳስም መንጠቆም ስዊቭልም የሌለውን ባዶ ክር 50 ሜትር ያህል ከኋላዎ ለቀው፣ አንድ ሰው እየቀዘፈ አሥር ደቂቃ ያህል ይጎትቱት። ነፃ የሆነው ጫፍ በውኃው ውስጥ እየተሽከረከረ ራሱን ያላላል። ከዚያ በጣቶችዎ መካከል በጨርቅ ጠበቅ አድርገው እያሳለፉ ይጠቅልሉት፤ በከራውንም እስከ ከንፈሩ አይሙሉት፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጉደል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ሳይታወቀኝ በፊት የተተበተበብኝ ብዙ ክር አለኝ። ሊፈታ ይችላል? (ከባቱ)

መልስ፦ አይሳቡት፤ የተሳበ ትብትብ ቋጠሮ ይሆናል። መጀመሪያ መንጠቆዎቹን ቆርጠው ያውጡ፤ ከትብትቡ ውስጥ ዕንቅፋት የሆኑት እነሱ ናቸው፤ ከዚያ በጣትዎ ከሁሉም ወገን እያላሉ መሐሉን ያስፉት። አብዛኛው ትብትብ በእውነት ያልተቋጠረ፣ የተደራረበ እጥፍ ብቻ ስለሆነ ሲሰፋ ራሱ ይወድቃል። በአምስት ደቂቃ ካልተፈታ ግን ይቁረጡት፤ የታጠፈበት ቦታ ነጥቶ ከሆነ ደግሞ ቢፈታም ክሩ እዚያ ላይ ደክሟልና አይመኑት። የተቆረጠውን ከሐይቁ ዳር አይጣሉት፤ ናይሎን አይበሰብስም፤ በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ እየለቀሙ በሰው መካከል የሚመላለሱትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች እግር የሚያስረው እንዲህ ያለው ቁራጭ ነው። በመቀስ ከጋት ባነሰ ርዝመት ከታትፈው በላስቲክ ይዘው ወደ ቤት ይመለሱ።