በድሮ መሥሪያ ቤቴ ለሠራሁት ጥፋት የዛሬውን ሹመቴን ልልቀቅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከ6 ዓመት በፊት ክፍለ ከተማ መሬት አስተዳደር ውስጥ ስሠራ ካርታ ሊያወጡ ከሚመጡ ሰዎች ጉቦ ተቀብያለሁ። አሁን በሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያም ደህና ገንዘብ ሰጥቻለሁ። ዳዊትም በድሎ ከዙፋኑ አልወረደም እያልኩ እጽናናለሁ። መልቀቅ አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሕሊናህ አልሞተም። በዚህ ደስ ብሎኛል። አሁን ግን ሳልሸፍን ልንገርህ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ለማሠሪያ የሰጠኸው የአንተ አልነበረም። የነዚያ ባለጉዳዮች ነው። ዘኬዎስን እይ፣ ሉቃስ 19፥8 ላይ ለድሆች እሰጣለሁ ብሎ ብቻ አላቆመም፣ የበደልኩትን ሰው አራት እጥፍ እመልስለታለሁ አለ። ለድሃ መስጠትና ለተበደለው መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንተ አንዱን አድርገሃል። ዋናው ቀርቶሃል። ደግሞ ጉቦ መስጠት ስላልቻሉ ፋይላቸው መደርደሪያ ላይ ያደረ ሰዎችም አሉ፣ ከእነሱ ምንም ስላልተቀበልክ አልበደልኳቸውም እንዳትል።

ዳዊት ከዙፋኑ አለመውረዱ እውነት ነው። ግን የዳዊት ኃጢአት አልተደበቀም። ናታን ፊት ለፊት ነገረው፣ እሱም በደልሁ አለ፣ ይኸው ዛሬም መዝሙር 50ን በደገምን ቁጥር እናስታውሰዋለን። አንተ የምትጽናናው በዙፋኑ ነው። የአንተ ጉዳይ ግን ከንስሐ አባትህ በቀር ገና ማንም ያልሰማው ነው።

መጽሐፍ ለሁሉም አንድ ሕግ አልደነገገም። ማቴዎስ ቀረጡን ትቶ ተነሣ። ዮሐንስ መጥምቅ ግን ቀራጮቹን ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፣ ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ አለ እንጂ። ስለዚህ በድሮ ጥፋት ሁሉ ሹመት ይለቀቅ አልልም። የአንተን ግን ልጠይቅህ። ነገ አንድ ሠራተኛ ጉቦ ሲቀበል ተይዞ ፋይሉ ጠረጴዛህ ላይ ቢመጣ ምን ብለህ ትፈርማለህ? ያኔ የከፈለህ ሰው ቢሮህ ገብቶ «አስታወስከኝ?» ቢልህስ? ሳሙኤል በ1ኛ ሳሙኤል 12 ሕዝቡን ሰብስቦ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ጠየቀ። ከማንም አልወሰድህም አሉት። ይህን ጥያቄ በሠራተኞችህ ፊት መጠየቅ የማትችል ከሆነ፣ የተቀመጥክበት ወንበር ዕረፍት አይሰጥህም።

የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ክርስቲያን ቩልፍ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 ሥልጣን ለቀቁ። ጭቅጭቁ የተነሣው ቀድሞ የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት መሪ ሳሉ ስላገኙት የቤት ብድርና ስለተደረገላቸው ውለታ ነበር። በ2014 ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። ያኔ የለቀቁት ተፈርዶባቸው አልነበረም፣ ሰው እምነት ካጣባቸው ያንን ኃላፊነት መሸከም እንደማይችሉ ተናግረው ነው። አንተ ግን ወስደሃል፣ ራስህ ታውቀዋለህ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ልቀቅ። እኔ ብሆን እለቃለሁ። የእግዚአብሔር ይቅርታ ስለጎደለህ አይደለም፣ ያንን ከንስሐ አባትህ ሰምተሃል፣ እኔም አልጨምርበትም። ሹመት ግን የሕዝብ አደራ ነው፣ የአንተም አደራ ተሰብሮ ገና አልተጠገነም። ከለቀቅክ በኋላ ደመወዙ ይቀንሳል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለባለቤትህ ቀድመህ ንገራት። እሷ ከሌላ ሰው አትስማ።

ጉቦ በሕጋችን ወንጀል ስለሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ከመናገርህ በፊት ጠበቃ አማክር። ይህ መሸሽ አይደለም። ብቻ ምክሩ ነገሩን ለመቅበሪያ አይሁን። ያስታወስካቸውን ሰዎች ስምና ከእያንዳንዳቸው የወሰድከውን ብር ዛሬ ማታ በወረቀት ጻፍ። ከሞቱ ለወራሾቻቸው ይመለስ። ጨርሶ ያልተገኘ ሰው ካለ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የንስሐ አባትህ ይነግሩሃል። ወረቀቱን ይዘህ ሂድ፣ በዚህ ሳምንት።