የሚያፈሰው ጣሪያ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ አዳማ የምንኖርበት ቤት ቆርቆሮው ከተመታ 20 ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት ሁለት ቦታ አፈሰሰ። አንዱ ባለሙያ ሚስማሩን ብቻ እንድንለውጥ፣ ሌላው ቆርቆሮውን ሙሉ በሙሉ እንድናነሣው መክረውናል። የቱን እንስማ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕድሜው ብቻውን አይወስንም፤ ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባጡ ስለሆነ፣ መታየት ያለበት የእርሱ ይዞታ ነው። ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ከኮርኒሱ በላይ ገብተው ቆርቆሮውን ከውስጥ ይመልከቱ። ብርሃን የሚገባው በሚስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ከሆነ፣ ጎማቸው በፀሐይ ደርቆ ተሰንጥቋል ማለት ነውና ሚስማሩን ከነጎማው መለወጥ ይበቃል፤ አዲሱ ግን ከፍ ባለው የቆርቆሮው ሞገድ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ እንዳይመታ አደራ። ቆርቆሮው ራሱ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ከታየ፣ ወይም ቀይ ዝገቱ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ፣ በማጣበቂያ መድፈን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እንጨቱ ነው። ማገሩንና ወራጁን በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉ፤ ምስጥ የበላው እንጨት ከላይ ጤነኛ ቢመስልም ቢላዋው ያለ ችግር ይሰምጥበታል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ በተተከለበት የአዳማ አካባቢ፣ በእንዲህ ያለ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት በነፋስ ለመገንጠል ማመቻቸት ነው፤ እንጨቱ ሳይፈተሽም ማንም ሰው ጣሪያው ላይ አይውጣ።

መቀየሩ ግድ ከሆነ፣ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር፣ ማለትም 28 ጌጅ ከ32 እንደሚወፍር አውቀው ዋጋ ያወዳድሩ፤ ሥራውም ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቅ።