መልስ፦ ደቻቱ ዳር ላለ ግቢ ጆንያ ብቻ አይበቃም

ጎርፍ እንዳይገባ አሸዋ የሞላ ጆንያ በሩ ላይ ብንደረድር ይበቃናል ወይ ላልሽው፣ ብቻውን አይበቃም። ከመንገድ የሚገባውን ውሃ ይመልስልሻል። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ራሱ ሞልቶ ከወጣ ግን ጆንያ አያቆመውም። ያኔ የሚያድነው ቀድሞ መውጣት ነው።

ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. የድሬ ጎርፍ የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ነው። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ከሰፈሩ አይጠፋም። ከባድ ዝናብ ሲጥል እንዲደውሉላችሁ ተስማሙ። ስልኩን የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች መድቡ፤ አንዱ ቢተኛ ሌላው ይሰማል። ለሁለቱም ፊሽካ ግዙላቸው።

2. አቅመ ደካሞችን ማን እንደሚያወጣ፣ በየት በኩል ወደ ከፍታ እንደሚኬድ አሁኑኑ ወስኑ። አንዴ በማታ ሞክሩት።

3. ቦዩን ጥረጉ። ያወጣችሁትን ደለል ዳሩ ላይ አትተዉት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

ጆንያውን እስከ አፉ አትሙሉት። ከግማሽ ትንሽ ካለፈ ይበቃል፤ ሲተኛ ክፍተት አይተውም። እንደ ጡብ እያፈራረቃችሁ ደርድሩ። አሸዋውን ግን ከወንዙ ግንብ ሥር አትቆፍሩ፣ መሠረቱ ይራቆታል።

አንድ በጆሮዬ የሰማሁትን ልንገርሽ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ እየታየ ደቻቱ ይመጣል። ድንጋይ እያንከባለለ፣ እንደ ከባድ መኪና እየጮኸ ነው የሚመጣው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍም በሌሊት ነው የመጣው። ድምፁን ከሰማሽ ዕቃ አትሰብስቢ። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።