በሁለቱ መስታወት መሃል የገባ ጤዛ

ደሴ ውስጥ አንድ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንባቢ ጽፋልኛለች። ሕንፃው ባለ 6 ፎቅ ነው፤ ፊቱ በሙሉ ድርብ መስታወት። «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ይደበዝዛል። ቢወለወልም አይለቅም። ዙሪያውን ሲሊከን አስደፈንነው፣ ጭራሽ ባሰበት» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ከውስጥ በጣትሽ ጥረጊው፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከውጭ ይጥረገው። በሁለቱም በኩል ካልለቀቀ ጤዛው ያለው መሃል ነው። የጠርዙ ማሸጊያ ለቋል። መሃል ባለው የአሉሚኒየም ዘንግ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ፤ እነሱም ጠግበዋል። ከላይ ሲሊከን መለቅለቅ አያድነውም።

መስታወቱ የት እንደተገጣጠመ ጠይቂ። ባሕር ጠረፍ ላይ ታሽጎ ከሆነ የዚያን አገር አየር ይዞ ነው የመጣው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፣ መስታወቱ ይነፋል፣ ጠርዙ ቀን ከሌት እንደተወጠረ ይኖራል። ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ እይው። የመብራት ምሰሶው መስታወቱ ላይ ተንጋዶ ከታየሽ፣ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ጥሩ ፍንጭ ነው።

ሌላው የምጠረጥረው የፍሬሙን ታች ነው። እዚያ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የሠራተኛ ስህተት አይደሉም፤ የገባው ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። ሲሊከን ሲደፈን አብረው ይደፈናሉ። አንድ ሕንፃ ላይ ድፍኑን በቢላ ስቆርጠው ቡና የመሰለ ውሃ ክርኔ ድረስ ወረደ። ዝናብ ከቆመ ሳምንት አልፎት ነበር! ማሸጊያው ያን ሁሉ ጊዜ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከረመ ማለት ነው።

እና ምን ይሻላል? ፍሬሙን አትንኪ። የደበዘዙትን መስታወቶች ብቻ ለይተሽ ቀይሪ። አዲሱን እንደ አዲስ አበባ ተቀራራቢ ከፍታ ያለው ቦታ አስገጣጥሚ። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ግን ቀጭን መተንፈሻ ቱቦ ይኑረው፤ ደሴ ደርሶ ግፊቱ ሲመጣጠን ቱቦው ይታሸጋል። «በስቼ አደርቀዋለሁ» የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትዪ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ከሆነ መሰርሰሪያ ሲነካው ባንዴ ይበታተናል።

አሮጌው ሲወጣ እዚያው ሁኚና ታችኛውን ጎማ በእጅሽ ዳስሽው። እርጥብ ከሆነ፣ ቀዳዳዎቹ ሳይጠረጉ አዲሱን እንዳያስገቡት።