ላፕቶፑ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሻጩን አትጠይቅ

«ባትሪዬ 11.1 ቮልት፣ 4400 ሚሊአምፒር አወር ይላል፤ ቻርጀሬ 65 ዋት ነው። ሳካፍለው 45 ደቂቃ ብቻ መጣብኝ» ላልከው ወንድሜ፦ ማባዛቱን አግኝተኸዋል፣ 11.1 ጊዜ 4.4 አምፒር አወር 48.8 ዋት አወር ነው፤ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ማለት ነው። ያሳሳተህ ቻርጀሩ ነው። 65 ዋት ማለት ቻርጀሩ መስጠት የሚችለው ጣሪያ እንጂ ላፕቶፑ የሚበላው አይደለም።

1. የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰህ ጽሑፍ ብቻ የምትሠራ ከሆነ ብዙው ላፕቶፕ 10 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው። ስለዚህ 48.8ን ለ10 ስታካፍል ወደ 5 ሰዓት። ከባድ ጌም ከሆነ 40 ዋትም ያልፋል፣ ያኔ አንድ ሰዓት ካገኘህ ተመስገን በል።

2. ይህ ባትሪው አዲስ ከሆነ ነው። የአንተ እንዳረጀ እገምታለሁ፣ ካላረጀ ማን ይጠይቃል? ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣልሃል። እዚያ ላይ «ዲዛይን ካፓሲቲ»ን (አዲስ ሳለ እንዲይዝ የታሰበውን) ተወው፤ የምታካፍለው «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» (አሁን ሲሞላ የሚይዘው) የሚለውን ነው።

3. ቅያሪ ልትገዛ ካሰብክ ግን ሪፖርቱንም አትመን። እኔ የገዛሁት «ኦሪጅናል» ባትሪ ላዩ ላይ 56 ዋት አወር ተለጥፎበታል፣ ሪፖርቱም 56 አለ። ለካ ባትሪው ውስጥ ያለው ቺፕም እንደ ተለጣፊው የተነገረውን ነው የሚናገረው! 40 ፐርሰንት እያሳየ ድርግም ብሎ ይጠፋል። መልሼ ስወስድለት ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የሶፍትዌር ችግር ነው፣ ፎርማት አስደርገው» አለኝ። ፎርማት አስደረግኩ። ያው ነው። ደግሜ ስሄድ ደግሞ «ማሸጊያው ተቀዷል፣ አይመለስም»። ሳይቀደድ በምን ልሞክረው ኖሯል?

ከዚያ ወዲህ የማምነው አንድ ነገር ነው፦ ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ንቀልና የተለመደ ሥራህን አንድ ሰዓት ሥራ። 22 ፐርሰንት ከወረደ፣ መቶን ለ22 ስታካፍል አራት ሰዓት ተኩል ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን 10 ፐርሰንት አትቁጠራት። ጥግ ላይ «ይህን ያህል ሰዓት ቀርቷል» የምትለዋ ምልክትም የምታሰላው በወቅቱ ፍጆታ ስለሆነ ቪዲዮ በከፈትክ ቁጥር ሐሳቧን ትቀይራለች። አንዴ ግን እስኪጠፋ ድረስ ተጠቀምበት፤ የውሸት ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ሊጋለጥ ይችላል፣ የእኔው እንደዚያ ነው የተጋለጠው።

ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሻጩ ደረሰኙ ላይ «ተሞክሮ ካልሠራ ይመለሳል» ብሎ ይፈርምልህ። ካንገራገረ ሌላ ጋ ሂድ። የሚፈርም አለ፤ አሁን የምጠቀምበትን የገዛሁት ከፈረመልኝ ሰው ነው።