ሆድ ያባውን

ልጆቼ፣

በዚህ ዓመት የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል የገባችሁትን ማለቴ ነው፤ መርጣችሁ የመጣችሁትንም፣ ሌላ ተመኝታችሁ እዚህ የተመደባችሁትንም። ይህን ትምህርት ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን የምኖረው ከተማው በሚያልቅበት ዳር፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቃል፣ ስለ «ሆድ» ነው።

ባለፈው ግንቦት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ መረጃ ልትሰበስብ ወደ ሰፈራችን መጣች። ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ወደሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ ወሰድኳት። እኚህ እናት ቤቱ ደርሷቸው ከጉለሌ ከመጡ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ዕድራቸው ግን አሁንም ጉለሌ ነው፤ ወር በገባ ቁጥር ታክሲ ቀያይረው ሄደው ይከፍላሉ። ልጅቱ መጠይቋን አወጣች። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶችን ለመለየት ያዘጋጀው፣ በ«አዎ» እና በ«አይደለም» የሚመለስ ባለ 20 ጥያቄ ነው። ባለፉት 30 ቀናት ራስዎን ያምዎታል? እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? እያለች በትሕትና ጠየቀቻቸው። 19ኛው ላይ ደረሰች።

«ሆድዎ አካባቢ ደስ የማይል ስሜት ይሰማዎታል?»

«የለም ልጄ፣ ሆዴስ ደህና ነው፤ ተመስገን።»

«አይደለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። 20ኛውንም ጨርሳ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቡናው ቀረበ። አቦሉ ስለ ውኃ መጥፋትና ስለ ጀሪካን ስናወራ አለቀ። ቶናው ላይ እናቲቱ ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ልጄ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ ሲመሽ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ። «ዘንድሮ ደግሞ ባሰብኝ። ሰው እንዳያይብኝ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።» ተማሪዋ ቀና ብላ አየችኝ። የእኚህ እናት ሆድ በእርሷ ወረቀት ላይ ደህና ነው።

ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ትርጉሙ የሙያችን ደንብ በሚጠይቀው መንገድ የተሠራ ነው፦ አንድ ሰው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ሁለቱ ይመሳከራሉ። ሪቻርድ ብሪስሊን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970 በሰፊው ካስረዳ ወዲህ ከብዙ ስህተት አድኖናል። «ሆድ» ግን ይህን ፈተና ያለ አንዳች እንከን ያልፋል። ሲሄድም ሆድ ነው፤ ሲመለስም ሆድ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ሆድ የሚይዘው እህል ብቻ አይደለም። ያዘነ ሰው ሆዱ ይብሰዋል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፤ ርኅሩኁ ሆደ ቡቡ ነው፤ የተኳረፉ ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ፤ ምስጢሩን ሊነግራችሁ የፈለገ ሰው «የሆዴን ላጫውታችሁ» ይላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በዚያ ቀን ያወጣው ቡና ነበር።

ይህን በድፍረት የምጽፍላችሁ እኔ ራሴ ከዚህ የከፋ ስለሠራሁ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ረዳት መምህር ሳለሁ፣ ሌኖር ራድሎፍ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣችውን የድባቴ መለኪያ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ሰበታ መውጫ ላይ ይዤ ሄድኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ቤተሰብና ጓደኛ እየረዳው እንኳ ሰውየው «ብሉዝ» የሚባለውን የልብ ክብደት ማራገፍ አቅቶት እንደሆነ ይጠይቃል። እኔም «ድብርቱን ከላይዎ ማራገፍ አቅቶዎታል?» አልኳቸው አንድ ሽማግሌን። ዝም ብለው አዩኝ። ቆይተው «ምኑን ነው የማራግፈው ልጄ?» አሉኝ። ጥያቄውን እንደገና አነበብኩላቸው። መልስ አልሰጡም። ጠርዙ ላይ «አልገባቸውም» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው ተሻገርኩ። ከሳምንት በኋላ ከጎረቤታቸው እንደሰማሁት፣ እኔ የሄድኩ ዕለት ሽማግሌው የበኩር ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ወር አልሞላቸውም ነበር። ጥያቄው ገብቷቸዋል። ያልገባኝ እኔ ነበርኩ። ያ ወረቀት ዛሬም እኔ ዘንድ አለ።

ስለዚህ መጠይቅ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ስምንት ወይም አሥር ሰው ፊት ቁጭ በሉ። መልስ አትሰብስቡ። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብቡላቸውና «ይህ ጥያቄ ምን እየጠየቀዎት ይመስልዎታል? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» በሏቸው። የሚሉትን ቃል በቃል በደብተር ጻፉ፤ ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልሱ፣ ሳታሳምሩ። እዚህ ዳር ላይ የምታገኙት ሰው አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ የሙያ ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሰፈር ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ የሰውን ገበና አታስነግሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ውጤትም አያስቆጥርም። የመረጃችሁ ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚያ ነው።

ሻይ ቤት ተቀምጦ መጠይቅ ራሱ የሚሞላ ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ። ይህ ውሸት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከዓለም ጤና ድርጅቱ 20 ጥያቄዎች ውስጥ 17ኛው ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። 18ኛው ደግሞ ሁልጊዜ ድካም ይሰማዎት እንደሆነ ነው። አስቡት፤ አንዲት ሴት ለ17ኛው «አዎ» ስትላችሁ እናንተ ወደ ድካሙ ጥያቄ ስታልፉ። እዚያ ላይ ብዕሩ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን ትታችሁ አትነሡም፤ የምታማክሩት ሰው ስልክ ቀድሞ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያም ሆነ የአማኑኤልን ሆስፒታል መንገድ ከቤታችሁ ሳትወጡ እወቁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ሰው እንድታክሙ አይፈቅድላችሁም፤ እንድታደምጡና ወደሚታከምበት እንድታደርሱ ግን ያስገድዳችኋል።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁም በእንግሊዝኛ ነው። ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ዋና ዋና የአሜሪካ የሥነ ልቦና መጽሔቶችን መርምሮ፣ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶውን ከያዙ አገሮች የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። መጽሐፉ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። እኚያ ጎረቤቴ እናት ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሉም፤ ልታስገቧቸው የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

የአገራችን ምሁራን መንገዱን አሳይተዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ቡታጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የከባድ አእምሮ ሕመም ጥናት 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አዳርሷል። እኔን ሁልጊዜ የሚማርከኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ተመራማሪዎቹ በዓለም አቀፉ መጠይቅ ብቻ አልተማመኑም፤ አካባቢውን አብጠርጥረው የሚያውቁ ነዋሪዎችንም ጠየቁ። እንዲህ ዓይነት ሰው በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ አለ፤ ማን ከሰው እንደራቀ፣ ማን ሌሊት እንደሚወጣ ያውቃል። አክብራችሁ ጠይቁት፤ የነገራችሁን ደግሞ ጠብቁለት።

ተማሪዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። መጠይቁን አላወጣችም። የእናቲቱን ጀሪካን ይዛ ደረጃውን አብራቸው ወጣች፤ እስከ በረካው ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅቱን 20 ጥያቄዎች ሳትነካ፣ ከእነርሱ በታች ስለ ሆድ መባስና ስለ ባር ባር ማለት የራሷን ጥያቄዎች ጨምራለች። ከ20ዎቹ ጋር አትደምራቸውም፤ ለብቻቸው እየፈተነቻቸው ነው፤ ያልተፈተነ ጥያቄ ከተፈተነ ጋር አይቀላቀልምና። ትናንት ማታ ደውላ፣ ከለገጣፎ ወዲያ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ለዚያው ስሜት በአፋን ኦሮሞ ሌላ ቃል እንደሰጧት ነገረችኝ። ሐሙስ ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ ይዘን አብረን እንሄዳለን።